ሳትሰፋ የቀረችው ስንዝር

የወንድሜ ብርድ ልብስ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ላስቲክ ለብሶ ዓመታት ተቀምጧል። ሦስት ጎኑ ተቀምቅሞ አልቋል። አራተኛው ጎን ላይ ግን አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ ክፍት ናት፤ ጫፏ ላይ ክር የገባበት መርፌ ተሰክቷል። መርፌው ሲዝግ አወጣውና አዲስ እሰካለሁ። በመርፌ በኩል ችግር የለብኝም፣ ሱቄ ውስጥ በፓኬት ነው የምሸጠው።

ያቺን ስንዝር መስፋት ያለበት ወንድሜ ነው። ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈልግም፣ እኔም አልሰፋትም። ለመስፋት ደግሞ ከሐዋሳ ሐረር ድረስ መምጣት ነበረበት። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ወንድሜ መጥቶ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ መርፌውን ሲይዝ ማየት ፈለግሁ። ዓመታት ጠበቅሁ።

ሸዋ በር ላይ ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ። ጣቃ ዘርግቼ በሜትር እየለካሁ የምቆርጥ ሴት ነኝ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት እናቴ ስትታመም ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያው ነው፣ እሱ ደግሞ ሲያስተምር አይራራም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሐረሪ እከራከራለሁ። ሐረሪሽ ስብርብር ነው ይሉኛል፤ ዋጋ ላይ ስደርስ ግን ቀጥ ይላል።

ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ የዋለ ነጋዴ ማታ ቤቱ ሲገባ አንድ ችግር አለበት፤ የሚያናግረው ሰው ከሌለ አፉ ቶሎ አይቆምም። አቦከር ሰፈር ያለው ቤታችን ሦስት ክፍል ነው፤ ሰው ያለው አንዱ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፣ ያም እኔ ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከቴሌቪዥኑ ጋር እከራከር ነበር። ዜና አንባቢው አንድ ቀንም አልቀነሰልኝም። ከዚያ ቁርጥራጭ ጨርቅ መቀጣጠል ጀመርኩ፤ እሱ ቢያንስ ሲያልቅ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ሥራው የእናቴ ነው። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ከዩኒፎርሙ የሚተርፈው ቁራጭ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከረጢቱ ሲሞላ ብርድ ልብስ ይሆናል። እኛ ቤት ስሙ ቅጥልጥል ነበር። ጎረቤት ግን ድሪቶ ይለዋል። ትዝ ይለኛል፣ አንዲት ጎረቤታችን ግቢያችን ውስጥ የተሰጣውን አይታ፣ «ሰፊ ሆነሽ ልጆችሽን በድሪቶ ታስተኛለሽ?» አለቻት።

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «ድሪቶ ከተቀደደ በኋላ ነው የሚጣፈው» አለች። «የእኔ ሲጀመርም ተቆራርጦ ነው የመጣው።»

ቅጥልጥል ለመሥራት መጀመሪያ ቁራጩን መለየት ነው፤ ወፍራሙን ከወፍራም፣ ስሱን ከስስ። ካኪን ከሻሽ ጋር የሰፋ ሰው ሁለት ጊዜ ካጠበ በኋላ ሻሹን ይፈልገዋል፣ አያገኘውም። ከዚያ ቁራጩን እየቀጣጠሉ ፊቱን መጨረስ ነው። ይሄ ጨዋታ ነው፣ ልጅም ይሠራዋል። ሰው የሚሰለቸው ከዚያ በኋላ ነው። ገበሩን ወለል ላይ ትዘረጊያለሽ፤ በላዩ ያረጀ ጋቢ፣ ታጥቦ የደረቀ፣ ውስጡን እንዲሞላ ታነጥፊያለሽ፤ ከሁሉም በላይ ፊቱን። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በረጃጅም ስፌት ትይዣቸዋለሽ፣ ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር እየሄድሽ በእጅ ትወጊያለሽ። ተንበርክከሽ ነው። ወገብ የሚያልቀው፣ ሰውም «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ጠቅልሎ አልጋ ሥር የሚወረውረው እዚህ ላይ ነው። ሐረር ውስጥ ስንት አልጋ ሥር ስንት ያልተጨረሰ ነገር እንዳለ ብናውቅ ኖሮ ከተማው ሌላ ስም ይወጣለት ነበር።

በመጨረሻ ጠርዙ ነው። እናቴ ጠርዙን ዙሪያውን ትቀመቅመውና አንድ ስንዝር ሲቀራት መርፌውን ሰክታ ትተወዋለች። ያቺን የሚሰፋት ባለቤቱ ነው። መቼ እንደሚሰፋት ያወቅሁት የእናቴ ታናሽ እህት፣ ከእኛ ጋር የምትኖረው አክስታችን፣ አሰበ ተፈሪ ስትዳር ነው። በሠርጉ ዋዜማ እናቴ ውኃ እንድቀዳ ቦኖ ላከችኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ጄሪካኔን ተሸክሜ ስመለስ አክስቴ ብርድ ልብሷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታለቅሳለች፣ እናቴ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች፣ ትንሹ ወንድሜ እናቴ ጉያ ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ያንከባልላል።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«መርፌ ወጋት» አለች እናቴ።

እኔም አመንኩ። መርፌ እንደሚወጋ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ የብርድ ልብሱን መጨረሻ ራሱ ባለቤቱ ይሰፋል፣ ለዚያም እናታችን ፊት መቀመጥ አለበት። ሌላውን አልሰማሁም፤ ውኃ ስቀዳ ነበር።

የእኔን እናቴ ሠርታልኝ ነበር፣ ስንዝሯን ትታ። እኔንም የጠየቀ ሰው አልጠፋም። ያኔ እናቴ አልጋ ላይ ነበረች፣ ወንድሜ ተማሪ ነበር፣ ሱቁም ገና በአራት እንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ነበር። ሰውየው ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ ጨለንቆ ሄዶ አገባ። አሁንም አልፎ አልፎ ለልጆቹ ጨርቅ ይገዛኛል፤ እንደማንኛውም ሰው ይከራከረኛል።

የወንድሜን ግን ፊቱን ብቻ ነው የጨረሰችው። እሱ መምህራን ማሠልጠኛ ሲገባ ሻንጣ ይዞ ሄደ፣ ብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ቀረ፣ በዚያው ክረምት እናታችን አረፈች። ፊቱን ከረጢቱ ውስጥ ያገኘሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አንዳንዱ ቁራጭ አይጥ በልቶታል፣ አንዳንዱ ስነካው እንደ አመድ ፈረሰ። ያንን ለመተካት ነው መኪና ግርግር መመላለስ የጀመርኩት።

መኪና ግርግር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ የምትወርደው ጠባብ መንገድ ናት። ግራና ቀኝ ወንዶች የስፌት መኪና ላይ ተደርድረው ይሰፋሉ፣ ስሟም ከመኪናው ጩኸት የመጣ ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ ሰፊ አሉ፤ የሚተርፋቸውን ቁራጭ ያስቀምጡልኛል። በምትኩ ክር ሳመጣ ቅድሚያ ለእሳቸው አሳያለሁ።

«ይሄን ሁሉ ቁራጭ ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ለወንድሜ ብርድ ልብስ።»

«የት ነው ወንድምሽ?»

«ሐዋሳ።»

«ሐዋሳ ሙቅ አይደለም እንዴ?»

«ሙቅ ነው።»

መኪናቸውን አቆሙ። «ሱብሃነላህ» አሉ። «ሙቅ አገር ላለ ሰው ብርድ ልብስ። እኔ ደግሞ አንቺን ነጋዴ ናት ሲሉኝ አምን ነበር።»

ጨርሼው ላሳያቸው የወሰድኩ ዕለት መነጽራቸውን አድርገው ዙሪያውን በጣታቸው ተከተሉት። ወጊያዬን አመሰገኑ፤ እሳቸው ሲያመሰግኑ «አይከፋም» ነው የሚሉት። ክፍቷ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይቺ ለምን ቀረች?»

«ባለቤቱ ነው የሚሰፋት።»

«ከሐዋሳ መጥቶ?»

«ከሐዋሳ መጥቶ።»

«አምጪ፣ አሁኑኑ ልዝጋልሽ። ትንፋሽ አትፈጅም።»

«እርስዎ ከዘጉት እሱ ምን ሊያደርግ ይመጣል አባባ?»

ብርድ ልብሱን አጥፈው መለሱልኝ። «ኢንሻአላህ ይመጣል» አሉ፤ ደንበኛ ሱሪው መቼ እንደሚደርስለት ሲጠይቃቸው በሚመልሱበት ድምፅ።

ይሄ የእኔ ዘዴ ነው፣ ሱቅ ውስጥም እሠራበታለሁ። ደንበኛዬ ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ስትገዛ ገበሩን ያን ቀን አላወጣላትም። «ለዚህ የሚስማማው ሰኞ ይገባል» እላታለሁ። ገበሩ ከመደርደሪያው ሥር ነው። ሰኞ ትመጣለች፤ ስትመጣ ሌላም ታያለች። ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ይዞ የሄደ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል? ለወንድሜም ያሰብኩት እንደዚያው ነው። አንዲት ስንዝር ያዝኩበት።

ዘዴው መጀመሪያ የከሸፈብኝ በወንድሜ ሴት ልጅ ላይ ነው። ለእሷም አንድ ቅጥልጥል ሠራሁ፤ ለልጅ ስለሆነ ደማቅ ደማቁን መርጬ፣ ዲሪያ የሚባለውን ባለ አበባ የሴት ቀሚስ ቁራጭ ሳይቀር አስገብቼበት። ልጅቷን ግን እስክትመጣ አልጠብቅም ብዬ ስንዝሯን ክፍት ትቼ፣ መርፌውን ሰክቼ በአውቶቡስ ላክሁት። «ይቺ ምንድን ናት?» ብላ ልጅቷ ትደውላለች፣ እኔም እነግራታለሁ፣ በስልክ እያሰፋኋት እናወራለን ብዬ ነው። የደወለችው የወንድሜ ሚስት ናት። ጨዋ ሴት ናት፣ አንቱ ትለኛለች።

«እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። እንዴት ያምራል።»

«ደረሰ?»

«ደርሷል። አንድ ቦታ ብቻ ሰፊው ረስቶት ነበር፤ እዚህ ወስጄ በመኪና አስዘጋሁት፣ ምንም አይታወቅም።»

«መርፌውስ?»

«እሱንም ረስቶት ነው መሰለኝ። ልጅቷን ሳይወጋት በፊት አገኘሁት፣ ተመስገን ነው።»

«ተመስገን ነው» አልኩ እኔም። ሰፊው ማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ብዬ የታጠበ ብርጭቆ አጠብኩ።

ከዚያ ወዲህ የወንድሜ ብርድ ልብስ በአውቶቡስ እንደማይሄድ ቆረጥኩ። ስልክ ስንደዋወል ግን አነሳለታለሁ።

«መርፌው እየዛገ ነው።»

«ለፋሲካ እመጣለሁ እትዬ።»

ፋሲካ ይመጣል፣ እሱ አይመጣም። «የፈተና ወረቀት ሳርም» ይላል። «ለመስቀል።» መስቀልም ይመጣል።

«ልላክልህ እንዴ ታዲያ?» እለዋለሁ፣ ልቡን ለማየት።

«ተይው፣ እዚያው ይቀመጥ» ይላል።

ይቺ ቃል ናት የምትቆጠቁጠኝ። እዚያው ይቀመጥ። ዕቃ ገዝቶ ከፍሎ የማይወስድ ደንበኛ አለ፤ ሱቅ ያለው ሰው ያውቀዋል። ቦታ ይይዝብሻል፣ ለሌላ አትሸጪው፣ ባለቤቱን አትቆጪው። አቧራውን እያራገፍሽ ታኖሪለታለሽ። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ላስቲኩን የገዛሁት ያኔ ነው።

በዓል ሲሆን ጎረቤት ይጠራኛል፣ እሄዳለሁ። ልጆቻቸው ከየአገሩ መጥተው ቤቱ ሞልቶ ጫማ ከበር ላይ ይቆለላል። ከጫማው መሀል የራሴን ፈልጌ ስወጣ ሁልጊዜ ቶሎ አገኘዋለሁ፤ ብቻውን የመጣ ሰው ጫማውን ዳር ላይ ነው የሚያወልቀው።

የመጣው በኅዳር ነው፣ ሳይነግረኝ። ድሬዳዋ ለሥልጠና ተልኮ ኖሮ አንድ ቀን ሲተርፈው በሚኒባስ ዳገቱን ወጣ። እኔ ከአንዲት ሴት ጋር በሳቲን ዋጋ አንገት ለአንገት ተያይዘናል። ከሴትዮዋ ትከሻ ኋላ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ቆሞ ፈገግ ይላል። ገዥ መስሎኝ «ይግቡ፣ ይመልከቱ» አልኩት።

«ለእኔም ትቀንሺልኛለሽ እትዬ?» አለኝ።

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ሴትዮዋ እሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ወንድምሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች። «በይ እንግዲህ አሁን በእኔ ዋጋ ቁረጪው።»

ቆረጥኩላት። ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋሁ፤ ጎረቤት ነጋዴዎች የሞተ ሰው አለ ብለው መጥተው ጠየቁኝ።

በባጃጅ ቤት ገባን። ምሳ እስኪበላ ታገሥኩት፣ እጁን እስኪታጠብ ታገሥኩት። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቼ ብርድ ልብሱን አወረድኩ፣ ላስቲኩን ገፍፌ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ፀሐይዋ ገና በመስኮት ነበረች፤ ጥሩ ብርሃን ነው፣ ለስፌት የምመርጠው ብርሃን። አዲስ መርፌ፣ አዲስ ክር አገባሁ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

መነጽሩን አወጣ። እኔ እንኳ መነጽር ማድረግ መጀመሩን አላውቅም ነበር። እጁን ቁራጮቹ ላይ እያሳለፈ ቀስ ብሎ አነበባቸው።

«ይሄ የእኔ ዩኒፎርም ነው።»

«ነው።»

«ይሄ መጋረጃችን። ይሄ የአክስታችን ቀሚስ።» ጣቱን ሰማያዊው ላይ አቆመ። «ይሄንን አላውቀውም።»

«አይጥ በልቶት የተካሁት ነው። ከመኪና ግርግር።»

«አይጡ ምርጫ ያውቃል» አለ። «ከሁሉ የሚያምረውን ነው የበላው።»

ስቀን ጨረስን። መርፌውን ሰጠሁት። ተቀበለኝና ያዘው። ስንዝሯን በሌላ እጁ ገለጥ አድርጎ የውስጡን ጋቢ ነካ። ጠበቅሁ። መርፌውን በጣቶቹ መሀል ያንከባልለዋል እንጂ አይወጋም።

«ክሩ አጠረህ?» አልኩት።

«አላጠረኝም።»

«እሺ ታዲያ።»

«እማዬ ምን እንዳለቻት ታውቂያለሽ?»

«ማንን?»

«አክስታችንን። ያን ቀን።»

«ቦኖ ነበርኩ።»

«እኔ ጉያዋ ውስጥ ነበርኩ» አለ። «‹በይ ዝጊው› አለቻት። ‹ከዘጋሽው በኋላ ወደዚህ ቤት የምትመጪው እንግዳ ሆነሽ ነው። ቤትሽ ያ ነው፣ ልብሽ ሁለት ቦታ እንዳይቀር› አለቻት። አክስታችን ‹አልዘጋውም› እያለች ነው ያለቀሰችው። እማዬ ናት እጇን ይዛ ያሰፋቻት።»

«መርፌ ወጋት ነው የተባልኩት» አልኩ።

«አልወጋትም።»

መስኮቱ ሥር ባጃጅ አለፈች። አክስታችን ካረፈች ቆይታለች፣ የምጠይቀው ሰው የለም። መጠየቅም አላስፈለገኝም። እናቴን አውቃታለሁ፤ ያለችውን እንደምትል አውቃለሁ።

«እኔ ልጅ ስለነበርኩ ፈራሁ» አለ። «ከዚያ ወዲህ የእኔን ሳስበው ያ ነው የሚመጣብኝ። እስካልዘጋሁት ድረስ አልሄድኩም እላለሁ። የጅል ነገር ነው፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

«ሐዋሳ ቤት ሠርተሃል።»

«ሠርቻለሁ።»

«ሚስት አለህ፣ ልጅ አለህ።»

«አሉኝ። እዚያ ማንም እንግዳ አይለኝም። እዚህ ግን እንግዳ ልሆን አልፈልግም።»

«ታዲያ ለምን አትመጣም?»

መነጽሩን አወለቀ። «በደወልኩ ቁጥር ስለ መርፌው ነው የምትነግሪኝ» አለ። «ከመጣሁ ትሰጪኛለሽ። ይኸው፣ ገና እጄን ሳልጠርግ ሰጠሽኝ።»

ይሄ ብቻ ምክንያት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የዋህ አይደለሁም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራ አለ፣ ሰው ከሰው እየራቀ ሲሄድ መራቁን ይለምደዋል። ግን አንድ ሰው አንዱን እውነት አውጥቶ ሲሰጥሽ የቀረውን ኪሱን አትበረብሪም። እኔ ያሰብኩት እንዲመለስ አንዲት ነገር አስቀርቼበታለሁ ብዬ ነው። እሱ ዘንድ ስትደርስ ግን «ስፋትና ሂድ» ሆና ነው የደረሰችው። ያን ሁሉ ዓመት መርፌ ይዤ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ስጠርግ አየኝ።

«ምነው እትዬ?»

«መርፌ ወጋኝ» አልኩት። መርፌው እሱ እጅ ላይ ነበር።

 መርፌውን ወደነበረበት ሰካውና ብርድ ልብሱን አስተካክሎ አልጋው ላይ አነጠፈው፣ ጥጉን ሳይቀር። «ዝጋው ካልሽኝ እዘጋዋለሁ» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ዋጋ ጠርቶ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ አውቃለሁ።

«ራት ምን ልሥራልህ?» አልኩት።

በሚገባ በላ። ያደገበት አልጋ ላይ፣ ያቺ ክፍት ቦታ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ከላይ እስከ ታች ተሸፍኖ ተኛ። ኅዳር ነው፣ ሐረር በኅዳር ብርድ ልብስ አታሳፍርም። ጠዋት ሚኒባስ ላይ ልሸኘው ስንወጣ በሩ ላይ ቆመና የተጣጠፈውን ላስቲክ አየው።

«ይሄን ውሰጂው» አለ። «ሁለተኛ እንዳታለብሺኝ። እኔ ዕቃ አይደለሁም።»

«መቼ ትመጣለህ?» አላልኩትም። በጣም ከበደኝ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። «ለገና» ሊል ይችል ነበር፣ ገናም ይመጣ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት አወራን። ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሞልቷል» እያለ አንድ ሰው ጨመረ፣ ከዚያ ሄዱ።

ላስቲኩን ሱቅ ወስጄ የከፋይ ጨርቅ ጠቀለልኩበት። ከሰዓት በኋላ መኪና ግርግር ወረድኩ። ሽማግሌው ጉንጫቸውን በጫት ሞልተው አንድ ኮት ላይ አጎንብሰዋል። ወንድሜ መጥቶ እንደነበረ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ዘጋልሽ?»

«አልዘጋም።»

«ለምን?»

«ክፍት ይሁን አለ።»

ኮቱን አገላበጡ። «ታዲያ ምን ተረፈሽ?»

አሰብኩት። ቦታው የእሱ ሆነ፣ ሰውየው የለም። ድሮም የለም ነበር፤ ድሮ ግን እየጠበቅሁት ነበር የሌለው። አሁን የምጠብቅበት ነገር የለኝም፤ በስልክ የማነሳለት መርፌ እንኳን የለም። «አላውቅም» አልኳቸው። «ገና አልተመነዘረም።»

«እንግዲያውስ ይሄን ያዢ» ብለው የግራጫ ሱፍ ቁራጭ ሰጡኝ። ወፍራም ነው፣ ከካኪ ጋር ይሄዳል።

ማታ ቤት ስገባ የወንድሜን ክፍል በር ከፍቼ አየሁ። ብርድ ልብሱ እንዳነጠፈው ነው። ትራሱ ላይ የጭንቅላቱ ጎድጓዳ አለ፤ አላስተካከልኩትም። መርፌውን ግን ነቅዬ አወጣሁና ወደ ፓኬቱ መለስኩት። ያገለገለ መርፌ አልሸጥም፣ ይሄ ግን አላገለገለም።

ከዚያ ወደ ራሴ አልጋ ሄድኩ። በእኔ ብርድ ልብስ ላይ ያለችውን ስንዝር እናቴ ጊዜ አጥታ የተወቻት እየመሰለኝ ነው የኖርኩት። ከእሷ የሚወጣውን ብጥስጣሽ ጥጥ በየጠዋቱ ከአንሶላዬ ላይ እለቅማለሁ፤ ጎኑ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዷል። በእናቴ ሕግ ከሆነ ይሄ ትክክል ነው። እኔ የትም አልሄድኩም። ከዚህ ቤት አክስቴ ዘግታ ወጣች፣ ወንድሜ ሳይዘጋ ወጣ፣ እኔ ክፍቱን ለብሼ ቀረሁ።

ክርና መርፌ አጠገቤ ነበር። ጨርሰሽ ዝጊው፣ ይብቃ፣ ይበርድሻል አልኩ ለራሴ። ጥጡን በጣቴ ወደ ውስጥ ገፋሁ፣ ጠርዙን ገጠምኩ። ብዘጋው የምሄድበት ቤት የለም፤ ብተወው ደግሞ ጥጡ ያልቃል። እንደዚያ ይዤው ቆየሁ።

በመጨረሻ ከሱቅ ቦርሳዬ መርፌ ቁልፍ አወጣሁ፤ እናቶች የሕፃን ጨርቅ የሚይዙበትን ትልቁን። ስንዝሯን መሀሏ ላይ በእሱ ያዝኳት። አልተሰፋችም፣ ብርድም አታስገባም። አምፖሉን አጥፍቼ ተኛሁ። ስገላበጥ ብረቱ እጄን እየነካ ይቀዘቅዘኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ይሞቃል።